ከፍርሃት ጾም ወደ ፍቅር ጾም፦ የቅዱስ አውግስጢኖስ ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። መልሱን ለእኔ አትንገሩኝ፤ ለራሳችሁ ብቻ መልሱ። የምንጾመው ለምንድን ነው? ሥጋና ወተት በባሕርያቸው ክፉ ስለሆኑ ነው? ጎረቤት እንዳያማን ነው? ብንበላ እግዚአብሔር ይቀሥፈናል ብለን ፈርተን ነው? ወይስ እርሱን ስለምንወድ?

ይህን የምጠይቃችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኛ ይልቅ በብዙ በሚጾሙ፣ ሥጋ በማይቀምሱ፣ ወይን በማይጠጡ ሰዎች መካከል 9 ዓመት የኖረ አንድ ሰው ነበር። ያንን ጥብቅ እምነት ትቶ ሲወጣ ወዲያው ወደ ብርሃን አልገባም። ብዙ ጊዜ ምንም የማያምን፣ ማንንም የማይታመን ሆኖ ተንከራተተ። በኋላ ግን ከታላላቆቹ የቤተ ክርስቲያን መምህራን አንዱ ሆነ። ይህ ሰው አውግስጢኖስ ነው።

ከእናንተ መካከል ልጁ ወይም ወንድሙ እምነቱን ጥሎ የሄደበት ይኖራል። ከሌላ እምነት ወጥቶ ልቡ ገና ያላረፈለትም ይኖራል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቆሞ በውስጡ የሚጠራጠርና ለሰው መናገር የሚያፍርም አይጠፋም። ይህ ታሪክ ለሁላችሁም ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያልተጠመቀው የሞኒካ ልጅ

አውግስጢኖስ በ354 ዓ.ም. ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው ሀገር፣ ታጋስቴ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። አፍሪካዊ ነው። አባቱ ጳትሪክዮስ አረማዊ ሲሆን የተጠመቀው በዕድሜው መጨረሻ ነው። እናቱ ሞኒካ ግን አጥባቂ ክርስቲያን ነበረች። ልጇን በሕፃንነቱ በመስቀል ምልክት አሳትማ፣ በዚያ ሀገር ልማድ ጨው አስቀምሳ ከንዑሰ ክርስቲያን አስቆጠረችው። ጥምቀቱ ግን ዘገየ። እኛ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን እናስጠምቃለን፤ በዚያ ዘመን ግን ብዙዎች ጥምቀትን ያዘገዩ ነበር።

ልጁ ትምህርት ሲጀምር አእምሮው ስለታም ሆነ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ካርቴጅ ሄደ፤ ዛሬ ቱኒዚያ ውስጥ ያለችው ማለት ነው። እዚያም ሳያገባ ከአንዲት ሴት ጋር መኖር ጀመረ። ወንድ ልጅ ወለዱና አዴዎዳጦስ ብለው ሰየሙት፤ እግዚአብሔር የሰጠው ማለት ነው።

19 ዓመት ሲሞላው የሲሴሮን የፍልስፍና መጽሐፍ አነበበና ጥበብን የመፈለግ እሳት በልቡ ተቀጣጠለ። መጽሐፍ ቅዱስንም ገለጠ፤ ቋንቋው ግን ተራ መስሎት ናቀው። ልቡ እንዲህ ክፍት ሆኖ ሳለ ነው ማኒያውያን ያገኙት።

ፍራፍሬ የማይቀጥፉ ጿሚዎች

ማኒ በ216 ዓ.ም. በባቢሎን ምድር የተወለደ ሰው ነው። ሁለት ዘላለማዊ መንግሥታት አሉ ብሎ አስተማረ፤ አንዱ የብርሃን፣ አንዱ የጨለማ። ሥጋና ቁሳዊው ዓለም ከጨለማ ጋር የተቀላቀሉ ናቸው፤ በውስጣቸው የብርሃን ቁራጭ ታስሮ ይጮኻል አለ። ስለዚህ ተከታዮቹ ብሉይ ኪዳንን ጣሉ። ጌታም እውነተኛ ሥጋ አልለበሰም አሉ።

ምእመናኑ በሁለት ይከፈሉ ነበር። ምርጦች የሚባሉት አያገቡም፣ ሥጋ አይበሉም፣ ወይን አይጠጡም። ፍሬ እንኳ ከዛፍ አይቀጥፉም፤ ዛፉን ያቆስለዋል ይላሉ። ሰሚዎች የሚባሉት ደግሞ ፍሬውን ቀጥፈው፣ እህሉን አብስለው ለምርጦች ያቀርባሉ። ምርጦቹ ሐብሐቡንና ዱባውን ሲበሉ የታሰረው ብርሃን ነጻ ይወጣል ተብሎ ይታመናል። አውግስጢኖስ ከሰሚዎቹ አንዱ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ራሱ በኋላ እንደጻፈው፣ የእነርሱ ወገን ያልሆነ ርቦት ቢለምን እህል መስጠት እንደ ከባድ በደል ይቆጠር ነበር፤ በእህሉ ውስጥ ያለው ብርሃን በኃጢአተኛ ሆድ ይታሰራልና። አያችሁ? ከሥጋ የሚከለክል ጾም አለ፣ ለድሃ መስጠትንም የሚከለክል ሥርዓት አብሮት አለ። እሑድንም ይጾሙ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግን እሑድ የትንሣኤ ቀን ነውና እህልን ከልክላ አታስውለንም፤ በዐቢይ ጾም እንኳ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ተከልክለን አንውልባትም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ብልህ ወጣት እንዴት ተያዘ? ምክንያቱ ለእኛም ይጠቅማል። ክፉ ነገር ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ያሠቃየው ነበር። ማኒያውያን ሳያስገድዱ በማስረጃ ብቻ እናሳምንሃለን አሉት። ደግሞ ኃጢአት የምትሠራው አንተ ሳትሆን በውስጥህ ያለ ሌላ ባሕርይ ነው አሉት። ጥፋቱን የሚያሳብብበት ነገር ሲያገኝ ደስ የማይለው ማን አለ? እውነቱን እንነጋገርና፣ እኛስ ሰይጣን አሳሳተኝ ብለን ንስሐውን የምንዘለው ስንቴ ነው?

የእናት ዕንባ

ወደ ታጋስቴ ሲመለስ ሞኒካ ከቤቷ ከለከለችው፤ በአንድ ማዕድ መቀመጥም አልፈለገችም። በኋላ ግን ሕልም አየች። አንድ ብሩህ ወጣት አጠገቧ ቆሞ፣ እርሷ ባለችበት ልጇም እንዳለ ነገራት። ዘወር ብላ ስታይ አውግስጢኖስ እርሷ በቆመችበት ቆሞ አየችው። ከዚያ ወዲያ በሯን ከፈተችለት። ማዕድ ከልክላ ያላገኘችውን በጸሎት ለማግኘት ቆረጠች።

አንድ ጳጳስም ዘንድ ሄዳ ልጄን ተከራክረው ይመልሱልኝ ብላ ለመነች። ጳጳሱ እምቢ አሉ። ልጁ ገና በክርክር የሚመካ ነው፣ አይሰማም፣ ተይው፣ ጸልይለት አሏት። ደግሞም የራሳቸውን ታሪክ ነገሯት። እርሳቸውም በሕፃንነታቸው በእናታቸው እጅ ለማኒያውያን ተሰጥተው፣ መጻሕፍታቸውን እየገለበጡ አድገው፣ ማንም ሳይከራከራቸው በንባብ ብቻ ስሕተቱን አውቀው የወጡ ነበሩ። እርሷ ግን ማልቀሷን አልተወችም። በመጨረሻ ጳጳሱ የዚህ ሁሉ ዕንባ ልጅ ሊጠፋ እንደማይችል ነግረው አሰናበቷት። ሞኒካ ቃሉን ከሰማይ እንደመጣ አድርጋ ያዘችው።

በዚሁ ጊዜ አውግስጢኖስ ከልጅነት ጓደኞቹ አንዱን ወደ ማኒ እምነት አስገብቶት ነበር። ጓደኛው በጠና ታመመና ራሱን ስቶ ሳለ ቤተሰቦቹ አስጠመቁት። ሲነቃ አውግስጢኖስ በጥምቀቱ አብሮት የሚስቅ መስሎት ቀለደ። ጓደኛው ግን እንደ ጠላት አየውና ወዳጄ ልትሆን ከፈለግህ እንዲህ ያለ ነገር አትናገር አለው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዐረፈ። አውግስጢኖስ በኀዘን ከተማዋን ጥሎ እስኪወጣ ድረስ ተጎዳ። ያ ሁሉ የማኒ ትምህርት አንዲት የመጽናኛ ቃል አልነበረውም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ

ዓመታት አለፉ። አውግስጢኖስ በካርቴጅ የንግግር ጥበብ መምህር ሆነ። ስለ ፀሐይና ጨረቃ ግርዶሽ የጻፉትን ሊቃውንት ሲያነብ ስሌታቸው ልክ ይመጣል፤ የማኒ መጻሕፍት የሚሉት ግን አይገጥምም። ሲጠይቅ፣ ፋውስጦስ የሚባለው ታላቁ መምህራችን ሲመጣ ይመልስልሃል ይሉታል። በ383 ዓ.ም. ፋውስጦስ መጣ። አንደበቱ ማር ነበር። ጥያቄው ሲቀርብለት ግን እንደማያውቅ በግልጽ ተናገረ። አውግስጢኖስ ስለ እውነተኛነቱ አከበረው፤ እምነቱ ግን በዚያ ቀን ተሰነጠቀ።

ወዲያው ወጣ? አልወጣም። አያችሁ ወገኖቼ፣ ሰው ከአንድ እምነት ሲወጣ ልቡ ቀድሞ ይወጣል፤ ቤቱ፣ ወዳጁ፣ እንጀራው ግን እዚያው ይቀራል። በዚያው ዓመት ወደ ሮም ሲሄድ ያረፈው በአንድ ማኒያዊ ቤት ነው። በ384 ዓ.ም. በሚላኖ ከተማ ትልቅ የመምህርነት ሹመት ሲያገኝም ደጅ የጠኑለት ማኒያውያን ወዳጆቹ ነበሩ። በማያምንበት ነገር ውስጥ በሰው ምክንያት መቆየት ምን ያህል እንደሚከብድ የቀመሰው ያውቀዋል።

ወደ ሮም የተጓዘውም እናቱን አታልሎ ነው። ወዳጄን ልሸኝ ብሎ፣ እርሷ በባሕሩ ዳር ባለው የቅዱስ ቆጵርያኖስ መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ስታለቅስና ስትጸልይ ስታድር፣ እርሱ በሌሊት መርከብ ተሳፈረ። እንዳይሄድባት ነበር የጸለየችው። እግዚአብሔር ግን የዚያን ሌሊት ልመናዋን ሳይሰጣት የዘመኗን ሁሉ ልመና ሊሰጣት ልጇን ወደ ሚላኖ ወሰደው።

በሚላኖ የአውግስጢኖስ ልብ ባዶ ነበር። አንድ ጊዜ ተታልሏልና ደግሞ ማመን ፈራ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ነው። እውነት ጨርሶ አይታወቅም ወደሚሉ ፈላስፎችም አዘነበለ። ማኒያዊ አይደለም፤ ክርስቲያንም አይደለም። ያስተምራል፣ ይበላል፣ ይስቃል፣ ሹመት ይመኛል፤ ሌሊት ግን ብሞትስ እያለ ይጨነቃል።

እዚህ ላይ ተጠራጣሪውን ለመፍረድ አንቸኩል። ይህ ሰው ቢጠራጠርም መፈለጉን አላቆመም። ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ በንዑሰ ክርስቲያን ቦታ ይቆም ነበር። ያልገባው ነገር አለ ብሎ ከደጁ አልራቀም።

በፍቅር የተቀበለ አባት

የሚላኖ ጳጳስ አምብሮስዮስ እንግዳውን መምህር እንደ አባት በደግነት ተቀበለው። አውግስጢኖስ መጀመሪያ የወደደው ትምህርቱን አይደለም፤ ደግነቱን ነው። ከዚያ በየእሑዱ ስብከቱን መስማት ጀመረ። የሄደው አነጋገሩን ሊመዝን ነበር፤ ሳያስበው ግን ምሥጢሩ ገባው። ማኒያውያን የሚዘብቱበት ብሉይ ኪዳን በመንፈሳዊ ትርጓሜ ሲፈታ እንዴት የጠለቀ መሆኑን አየ። እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካም መሆኑን፣ ክፋት ራሱን የቻለ ፍጥረት ሳይሆን የመልካም ነገር መጉደል መሆኑን ቀስ በቀስ ተረዳ። ጥፋቱ የሌላ ባሕርይ ሳይሆን የራሱ ፈቃድ መሆኑንም አመነ።

ሞኒካም ባሕር ተሻግራ ተከተለችው። የሚላኖ ሰዎች ቅዳሜን እንደማይጾሙ ስታይ ግራ ገባት፤ ሮም ይጾማል። ልጇ ለእናቱ ብሎ አምብሮስዮስን ጠየቀላት። ጳጳሱም እርሱ ሮም ሲሄድ እንደሚጾም፣ ሚላኖ ሲሆን እንደማይጾም ነግሮት ያሉበትን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንድትጠብቅ መከራት። እርሷም ታዘዘች። የጾም ጽድቅ በመታዘዝ እንጂ በራስ ፈቃድ እንዳልሆነ ከዚህች እናት እንማር።

የቤቱ ነገር ግን ቀላል አልነበረም። ለሹመቱ የሚመጥን ጋብቻ ሲታጭለት የልጁ እናት ወደ አፍሪካ ተመለሰች፤ ሌላ ወንድ እንደማታውቅም ተሳለች። ስሟን እንኳ አልጻፈልንም። እርሱ ልቡ ቆስሎ ሳለ ሌላ ሴት ያዘ። አእምሮው አምኖ ሥጋው አልታዘዝ አለው። ይህንን በመጽሐፉ ሳይሸፍን ጽፎታል።

በ386 ዓ.ም. በበጋ አንድ አፍሪካዊ ባለሥልጣን ሊጠይቀው መጣና የአባ እንጦንስን ገድል አጫወተው። ያንን ገድል የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ ለእኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ሾሞ የላከልን እርሱ ነው። አውግስጢኖስ ያልተማሩ ሰዎች መንግሥተ ሰማያትን ሲወርሱ እርሱ ከነዕውቀቱ በጭቃ ውስጥ መቅረቱ አንገበገበው። ወደ ግቢው የአትክልት ቦታ ወጥቶ ከበለስ ዛፍ ሥር ወድቆ አለቀሰ። በዚያ ጊዜ ከጎረቤት ቤት አንሥቶ ማንበብን የሚጠራ የሕፃን ዜማ ሰማ። የቅዱስ ጳውሎስን መልእክት ገለጠና ዓይኑ ሮሜ 13፥13-14 ላይ ዐረፈ፤ ስካርንና ዝሙትን ትቶ ክርስቶስን ስለ መልበስ የሚናገረው ነው። ከዚያ ወዲያ ማንበብ አላስፈለገውም። ሮጦ ለእናቱ ነገራት።

በ387 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት ከልጁ ከአዴዎዳጦስና ከወዳጁ ከአሊጲዮስ ጋር በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። 33ኛ ዓመቱ ገና አልተፈጸመም ነበር። በዚያው ዓመት ሞኒካ ወደ ሀገሯ ስትመለስ በኦስትያ ወደብ በ56 ዓመቷ ዐረፈች። ድሮ ከባሏ አጠገብ ለመቀበር ታስብ ነበር። በመጨረሻ ግን ሥጋዬን የትም ቅበሩት፣ ብቻ በመሠዊያው ፊት አስቡኝ አለች።

ከወጣ በኋላ የኖረው ኑሮ

ታሪኩ በጥምቀት አላለቀም። ወደ አፍሪካ ተመለሰ፤ ያ ብሩህ ልጁም ብዙ ሳይቆይ በወጣትነቱ ሞተበት። በ391 ዓ.ም. በሂጶ ከተማ ሕዝቡ ይዞት፣ እርሱ እያለቀሰ ካህን አስደረገው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። ያለፈው ስሙ ግን ተከተለው። ባላንጣዎቹ ዛሬም ማኒያዊ ነው እያሉ እስከ እርጅናው ድረስ አሙት። ከሌላ እምነት የመጣን ሰው ዘወትር በጥርጣሬ የምናይ እኛም ከነዚያ አንለይም።

እርሱ ግን በቀድሞ ወገኖቹ ላይ አልጨከነም። ከማኒያውያን ጋር በአደባባይ ተከራክሯል፤ ብዙ መጻሕፍትም ጽፎባቸዋል። ሆኖም እውነትን ማግኘት ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ያላወቀ ይቆጣባችሁ፣ እኔ ግን ወዳጆቼ እንደታገሡኝ እታገሣችኋለሁ በሚል መንፈስ ነበር የጻፈላቸው። ራሱ ወደ ስሕተት ላስገባው ሆኖራጦስ ለሚባል ወዳጁም መመለሻ መጽሐፍ ጻፈለት።

ስለ ማዕዱ ደቀ መዝሙሩ ፖሲዲዮስ ይነግረናል። ዘወትር የሚበላው አትክልትና ጥራጥሬ ነበር። ለእንግዳና ለሕመምተኛ ሲሆን ግን ሥጋ ይቀርባል፤ ወይንም አይጠፋም። ማኒያውያን ርኩስ ያሉትን የእግዚአብሔርን ፍጥረት አልተጸየፈም፤ ሲተወው ደግሞ ለፍቅር ብሎ ተወው። በማዕዱ ላይ የሌለን ሰው የሚያማ እዚህ ቦታ እንደሌለው የሚያሳስብ ጽሑፍ አስጽፎ ነበር። ባልንጀሮቹ ጳጳሳት ሳይቀሩ ሲያሙ ወይ ጽሑፉን እናጥፋ ወይ ልነሣ ይል ነበር።

በዐቢይ ጾም ሲሰብክም ከሥጋው ይልቅ በጣፈጠና በተወደደ የጾም ምግብ ሆዳቸውን የሚያታልሉትን ይገሥጽ ነበር። ከሆድ የተቀነሰው ለድሃ ካልደረሰ፣ ቂሙም ካልተፈታ፣ ጾሙ ጎዶሎ እንደሆነ አስተማረ። ያ ለተራበ እህል የሚከለክል እምነት ውስጥ የነበረ ሰው፣ ጾምን ለተራበ እህል መስጫ አደረገው!

በ430 ዓ.ም. ቫንዳሎች ሂጶን ከበቡ። አውግስጢኖስ በዚያ ታመመ። የዳዊትን የንስሐ መዝሙራት አስጽፎ በአልጋው ፊት በግድግዳ ላይ አስለጠፈ፤ እያነበበ ያለቅስ ነበር። የመጨረሻዎቹን 10 ቀናት ሐኪምና ምግብ አቅራቢ ካልሆነ ማንም እንዳይገባ አደረገ። ነሐሴ 28 ቀን (እ.ኤ.አ.) በ76ኛ ዓመቱ ዐረፈ። ስለ ድኅነቱ እርግጠኛ ነኝ ብሎ ንስሐውን አልተወም። በ431 ዓ.ም. ወደተደረገው የኤፌሶን ጉባኤ ሲጠራ ጥሪው የደረሰው ካረፈ በኋላ ነው።

እኛስ?

ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ በልብህ ጥርጣሬ ካለ፣ በልብሽ ጥያቄ ካለ፣ ከደጁ አትራቁ። ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱና ንገሯቸው። የአውግስጢኖስን ጥያቄ የታገሠ አምላክ የእናንተን አይንቅም።

ልጃችሁ እምነቱን ጥሎ ከሄደ፣ በሩን አትዝጉበት። ስድቡንና ክርክሩን ተውትና በዚህ ጾም ስሙን ይዛችሁ ስገዱለት። ሞኒካ 17 ዓመት ያህል አለቀሰች።

ሁላችንም ደግሞ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልሰው። ለምን እንጾማለን? ምግቡ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሰጪውን ስለምንወድ ነው። እንግዲያስ ዛሬ ከማዕዳችን ያጎደልነውን አንድ ድሃ ደጅ እናድርሰው። ከሐሜትም አፋችንን እንዝጋ።

የአውግስጢኖስን ልብ ያሳረፈ አምላክ የእኛንም ልብ ያሳርፍልን። የጠፉትን ይመልስልን፤ ጾሙን የበረከት፣ የንስሐ ያድርግልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።